ወፍጮ ቤት የታጠቅሁት ሽጉጥ

ሽጉጥ ዱቄት አይወድም። ይህን የሚነግር ሻጭ የለም። እኔ ያወቅሁት ጎንደር አጠገብ ፀዳ ላይ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ባለው ወፍጮ ቤቴ ነው። እዚያ የሚውል ሰው ፊቱን ሲታጠብ ከቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት ይወርዳል። ሽጉጥ ደግሞ ዘይት ይቀባል። ዘይት ላይ ዱቄት ሲያርፍ ሊጥ ይሆናል፤ ሊጡ ሲደርቅ ብረቱን እንደ ሙጫ ይይዘዋል። ስለዚህ ወፍጮ ቤት ወይም ሲሚንቶ መጋዘን የምትውሉ ሰዎች ሽጉጣችሁን ዘይት አታጠግቡት። በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፤ በየሁለት ቀኑ ፈታታችሁ እዩት። እኔ ይህን ሳላውቅ ሰባት ወር ታጥቄ ኖሬአለሁ።

ሴት ሆና ታጠቀች ብሎ የሚገረም አይጠፋም። እኔ የወገራ ገበሬ ልጅ ነኝ። ያደግሁት የአባቴ ምንሽር ከተሰቀለበት ምሰሶ ሥር ነው። ሽጉጥ ግን ቤታችን አይታወቅም ነበር፤ አባቴ "የጸሐፊ ዕቃ" ይለው ነበር። ወደ ሕይወቴ የገባው ከባሌ ጋር ነው።

ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከጎንደር ደባርቅ እህልና ሲሚንቶ ያመላልሳል። መንገዱ እየከፋ ሲሄድ ማካሮቭ ገዛ፣ ፈቃድ አወጣ፣ ከዚያ ሽጉጡን በጨርቅ ጠቅልሎ መኪናው በር ኪስ ውስጥ ከተተው። ሲቀመጥ ጎኑን እየወጋው አስቸግሮት ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከዳባት ወዲያ መንገዱን በድንጋይ ዘግተው ጠበቁት። ፍሬን ያዘ። መስተዋቱ ላይ አራት፣ በሩ ላይ ሁለት ጥይት ተኮሱበት። አንዷ በመንጋጋው ገብታ በማጅራቱ ወጣች። ከኋላ አውቶቡስ ስለደረሰባቸው ጭነቱን ሳይነኩ ሸሹ። ሬሳውን ሲያመጡልኝ ጫማውንና ሽጉጡን አንድ ላይ አስረከቡኝ። ሽጉጡ ከጨርቁ አልወጣም። ስምንቱም ጥይት ካዝናው ውስጥ እንደተደረደረ ነበር።

የመጀመሪያውን ትምህርቴን ያገኘሁት ከዚያ ሬሳ ነው። ከሰውነት የራቀ ሽጉጥ የሌላ ሰው ሽጉጥ ነው። የመኪና ኪስ፣ ቦርሳ፣ ትራስ ሥር፣ አንዱም አይረባም። ወይ ወገብ ላይ ይሁን፣ ወይ ቤት ተቆልፎበት ይቀመጥ።

ከአርባው በኋላ ፈቃዱን በስሜ አዛወርሁና ታላቅ ወንድሜ ዘንድ ወገራ ወጣሁ። እሱ ገበሬ ነው፤ ክላሹን ከትከሻው የሚያወርደው ሲተኛና ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ብቻ ነው። ከእርሻው ግርጌ፣ ገደሉን አስደግፎ፣ ቢጫ ጀሪካን አቆመና "ተኩሽ" አለኝ። ሃያ እርምጃ ያህል ላይ ነበርን። ስምንቱንም ተኮስሁ። ጀሪካኑ ንቅንቅ አላለም።

አልሳቀብኝም። ክንዴን ይዞ ወደፊት ወሰደኝና እርምጃው አሥር ሲቀር አቆመኝ።

"ከዚህ። ከዚህ ወዲያ ሽጉጥ ጸሎት ነው፤ የሚሰማው እሱ ከፈቀደ ነው።"

"ታዲያ ምን ያደርግልኛል?"

"እጁን ሊያሳርፍብሽ የመጣን ሰው ይመልስልሻል። ከሩቅ የመጣብሽን ግን ሩጭው።"

ሦስት ቀን አስተኮሰኝ። ሁለት እጅ ከሌለሽ አትተኩሽ አለኝ። ለመተኮስ እስክትቆርጭ ድረስ ጣትሽ ቃታው ላይ አይግባ አለኝ። ከእያንዳንዱ ተኩስ በፊት ደግሞ "ከጀሪካኑ ኋላ ምን አለ?" ይለኛል። "ገደል" እላለሁ። "ሸጋ። ከተማ ውስጥ ግን ገደል የለም" ይላል። እኔ እንደ ቀልድ ነበር የምሰማው።

ስለ ጥይትም ያስተማረኝ እሱ ነው። ባሌ የተወው በፌስታል የታሰረ ጥይት ነበር። ከዚያ አምስት ብንሞክር ሁለቱ ከሸፉ። ወንድሜ አንዷን በጣቶቹ መካከል ይዞ እንደ እህል አያት።

"ጥይት ባቄላ ማለት ነው። እርጥበት ካገኘው ይነቅዛል። ከውጭ ስታይው ሸጋ ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው።"

ከዚያ ወዲህ ጥይት እንደ እህል እየለቀምሁ ነው የምይዘው። ቀለሁ አረንጓዴ ያወጣውን እጥላለሁ። ኋላው የተጫጫረውን አንድ ጊዜ ተተኩሶ እንደገና የተሞላ ነው ብዬ አልነካውም። ከአንድ ሰው ከተገዛው ላይ ሦስት እተኩሳለሁ፤ አንዷ እንኳ ከከሸፈች የቀረውን አላምነውም። ጥይት ዘይት አይነካውም። የከሸፈ ሽጉጥ ደግሞ ወዲያው አይከፈትም፤ አፈሙዙን ወደ ባዶ ቦታ እንዳዞሩ ትንሽ መታገሥ ነው። አንዳንዱ ዘግይቶ ይፈነዳል።

ወፍጮ ቤት ተራ የሚጠብቁ ወንዶች ስለ ሽጉጥ ሲከራከሩ ብዙ ሰምቻለሁ። ጎረምሳው ሁሉ የቱርክ ሽጉጥ፣ አሥራ አምስት ጎራሽ ይላል። እኔ ብዛቱ አያጓጓኝም። ብዙ የሚጎርስ ሽጉጥ ይከብዳል፤ የከበደ ሽጉጥ ቤት ይቀራል። ከዚያም በላይ፣ ብዙ ጥይት ያለው ሰው ብዙ ይተኩሳል። እያንዳንዷ የሄደች ጥይት የምታርፍበት ቦታ ትፈልጋለች።

አያያዙ ላይ ብዙ ተቸገርሁ። መጀመሪያ በመቀነቴ ሸጥ አደረግሁት፤ ጆንያ ለማንሳት ጎንበስ ስል ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። በኋላ ማራኪ ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ ከወፍራም ሸራ የሽጉጥ ማህደር ሰፋልኝ። ከሽርጤ ሥር፣ ከሆዴ ትንሽ ወደ ቀኝ አሰርሁት። ሰው አያየውም፣ እጄ ያገኘዋል።

ከወንድሜ ጋር ያልተስማማነው አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው። እሱ ሽጉጡ ጥይት እንደጎረሰ፣ መቆለፊያው ተቆልፎ ይያዝ ይላል። እኔ ካዝናው ሙሉ፣ የጥይት ማጉረሻው ግን ባዶ ይሁን እላለሁ። ቀኑን ሙሉ የምጎነበስ፣ የምሸከም፣ የሰው ሕፃን የማቅፍ ሴት ነኝ። የጎረሰ ሽጉጥ ከሆዴ ጋር ማዋል አልሆነልኝም።

ወፍጮውን የሚያስኬዱት ሽማግሌ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ "አያ" ነበር የሚላቸው። ዕድሜያቸውን ወፍጮ ላይ ስለጨረሱ ጆሯቸው ደክሟል፤ ድንጋዩ ሲሳሳት ግን በእግራቸው ያውቁታል። ሽጉጡን አልወደዱትም። አንድ ቀን ሽርጤን ሳስር አዩኝ።

"አንች ልጅ፣ እሱን ነገር ምነው ቤትሽ ብትተይው?"

"ባሌን የገደሉት ሽጉጡን ስለተወው ነው፣ አያ።"

"ባልሽን የገደሉት ገዳዮች ናቸው" አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ኋላ ለመጣው ሁሉ ጥፋቱ የእኔ ነው። አንድ የበዓል ዋዜማ ላይ ተራ የዘለለ ሰውዬ ሴቶቹን እየገፈተረ እህሉን ካላስቀደማችሁ አለ። ተው ስለው ገፋኝ። ያኔ ሽርጤን ገለጥ አድርጌ እጀታውን አሳየሁት። ሰውዬው ፈገግ አለና ወደ ተራው ተመለሰ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም ደስ አለኝ፤ ደስታው እስከ ማግስቱ አልለቀቀኝም። ለታጣቂ ሁሉ የምለው ይህን ነው፦ ለማስፈራራት ብለህ ከምታሳየው ብትጥለው ይሻልሃል። የታየ ሽጉጥ ወሬ ይሆናል፣ ወሬው ደግሞ ፈላጊ ያመጣል።

ከዚያ ሳምንት አልሞላም። ቀትር ነበር፤ ሰው ሳስቷል። ውጭ ሦስት ሴቶች ጥላው ሥር ተቀምጠዋል፤ አያ ከወፍጮው ኋላ ናቸው። ሁለት ወጣቶች ገቡ፤ አንዱ ጆንያ ተሸክሟል፣ ሌላው ጋቢ ደርቧል። ባለ ጆንያው ሸክሙን ሚዛኑ ላይ ሲያራግፈው ድምፁ የእህል አልነበረም። ገለባ ነው። ቀና ስል ባለ ጋቢው ከጎኔ ቆሟል። ወፍጮው ስለሚጮህ አፉን ጆሮዬ ላይ ገጥሞ፣

"ያችን ሽጉጥ ብቻ ነው የምንፈልጋት። ስጭንና በሰላም እንለያይ" አለኝ። በጋቢው ውስጥ አንድ ጠንካራ ነገር የጎድን አጥንቴን ነካኝ።

መስጠት ነበረብኝ። ዛሬ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ስጥ ነው የምለው። ብረት ነው፤ ሌላ ይገዛል። ያን ጊዜ ግን በጨርቅ የተጠቀለለው የባሌ ሽጉጥ ዓይኔ ላይ መጣ። ስምንቱም ጥይት ሳይነካ። "ከጓዳ ናት" አልሁ። ባለ ጆንያው ሳቀና ግራ እጄን ጨብጦ፣ ሌላውን እጁን በቀጥታ ወደ ሽርጤ ሰደደ። የት እንደምይዛት ተነግሮታል።

ቀኝ እጄ ሚዛኑ ላይ ነበር። የአምስት ኪሎውን የሚዛን ብረት አንሥቼ አፉን መታሁት። ጥርሱ ሲሰበር በእጄ ተሰማኝ። ለቀቀኝ። ወደ ጆንያዎቹ መካከል እየወደቅሁ ሽጉጡን አወጣሁና አቀባበልሁ። ባለ ጆንያው ደም እየተፋ ሊያንቀኝ ሲወርድብኝ ተኮስሁ። ሆዱ ላይ። ሸሚዙ እሳት ያዘ፤ ያን ያህል ቅርብ ነበር። በጉልበቱ ተንበረከከና ሆዱን አቅፎ ጎኔ ተደፋ።

ባለ ጋቢው ሁለት ጊዜ ተኮሰ። አንዷ ከራሴ በላይ ያለውን ጆንያ ቀደደችና ጤፉ ፊቴ ላይ ፈሰሰ። ሌላዋ የግራ ክንዴን ሥጋ ልጣ አለፈች፤ የፈላ ውሃ የፈሰሰብኝ ነው የመሰለኝ። ቃታውን ሳብሁ። ምንም። አየሁት፤ የመጀመሪያዋ ቀለህ ሳትወጣ መውጫዋ ላይ ተቀርቅራለች። ሊጥ የሆነው ዱቄት ይዟታል። ባለ ጋቢው አንድ እርምጃ ቀረብ ብሎ አነጣጠረብኝ። የእሱም ከሸፈ። የማን የነቀዘ ጥይት እንደሆነ እግዜር ይወቀው፤ እኔ ዛሬ የምተነፍሰው በዚያች ነው።

ሽጉጡን ጉልበቴ ላይ አጋጭቼ በኃይል ወደ ኋላ ጎተትሁት፤ ቀለሁ ተፈናጥሮ ወጣ። ባለ ጋቢው ሲያየኝ ዞረ። በፊት ለፊቱ በር ሴቶቹ እየጮሁ ተሰብስበዋልና ወደ ጓሮው በር፣ በወፍጮው ጎን ሮጠ። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ሰውየው ጀርባውን ሰጥቷል፤ አሥር እርምጃም አልፏል። እኔ ግን ተነሥቼ በአንድ እጄ ሁለት ጊዜ ተኮስሁ። አንዷ የጓሮውን በር መቃን መታች። ሰውየው በሩን በርግዶ ጠፋ።

ወፍጮው ይፈጫል። አያ ከወፍጮው ኋላ፣ እህል ወደ ወፍጮው በሚያፈሱበት መሰላል ላይ ናቸው፤ ተኩሱ ሲሰማቸው ብድግ ብለው ኖሮ ተመልሰው ተቀምጠዋል። ጭናቸውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል። በጣቶቻቸው መካከል ደም በየምቱ እየዘለለ ይወጣል። ሮጥሁ። መቀነቴን ፈትቼ ከቁስሉ በላይ አሰርሁት፤ ከወፍጮው አጠገብ ባገኘሁት እንጨት ጠምዝዤ አጠበቅሁት። የግራ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል። አያ ፊቴን አልፈው ወደ ድንጋዩ እያዩ፣

"አጥፊው እንጅ… ባዶውን እየፈጨ ነው። ድንጋዩ ይበላላል" አሉኝ።

አጠፋሁት። ጸጥ ሲል የባለ ጆንያው ሲቃ ተሰማ። ከጆንያዎቹ ሥር በደምና በዱቄት ተለውሶ፣ "ውሃ… እናቴ፣ ውሃ" ይላል። ሃያ ዓመት ይሆነዋል። አልሰጠሁትም። ሆዱ የተመታ ሰው ውሃ እንደማይሰጠው አውቃለሁ፤ ግን ያልሰጠሁት ስለዚያ አልነበረም። ሽጉጡን ግንባሩ ላይ ቀሰርሁና ከውጭ የገባች አንዲት ሴት እጄን ያዘችኝ። ባትይዘኝ ኖሮ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ።

አያን በባጃጅ ጫንናቸው። ራሳቸው ጉልበቴ ላይ ነበር። አዘዞ ሳንደርስ ስለ ብርድ አወሩኝ፤ ቀትር ላይ። አዘዞን ስናልፍ እጃቸው ከእጄ ወጣ። ሆስፒታል ስንገባ ሐኪሙ ዓይናቸውን ብቻ ገልጦ አየ።

ባለ ጋቢው የገደላቸው መስሎኝ ነበር። ሁለት ቀን እንደዚያ አመንሁ፤ ለልጃቸውም እንደዚያ ተነገራት። በሦስተኛው ቀን መርማሪው ፖሊስ ወፍጮ ቤቱ ይዞኝ ሄደ። ዝግ ያለ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አላናገረኝም። እኔ የቆምሁበት ላይ አቆመኝ። አያ የተቀመጡበትን መሰላል አሳየኝ። ከእኔ እስከ መሰላሉ ሲባጎ ወጠረ። ሲባጎው ባለ ጋቢው በሮጠበት በኩል አለፈና መሰላሉን ነካ።

"የእሱ ጥይቶች ሁለቱም ወደ አንች ነው የመጡት፣ እህቴ። ጆንያው ውስጥና ግድግዳው ላይ አግኝተናቸዋል" አለኝ።

"ወደ ጓሮ ከተኮስኋቸው ሁለተኛዋስ?"

 ሲባጎውን መጠቅለል ጀመረ።

መሬቱ ላይ ተቀመጥሁ። ወንድሜ ጀሪካኑ ፊት ደጋግሞ የጠየቀኝን ጥያቄ አሰብሁ። ባለ ጋቢውን ሳይ የታየኝ ባለ ጋቢው ብቻ ነበር። የማውቃቸውን፣ በየቀኑ አብሬያቸው ምሳ የምበላውን ሽማግሌ ከኋላው አላየኋቸውም።

አሥራ አንድ ቀን ታሰርሁ። ከዚያ በዋስ ወጣሁ፤ ጉዳዩም ራስን በመከላከል ተብሎ ከጊዜ በኋላ ተዘጋ። ባለ ጆንያው ተርፎ ተፈረደበት፤ ባለ ጋቢውንም መተማ አካባቢ ያዙት። ሕጉ ከእኔ ጋር ጨረሰ። ወንድሜ እስር ቤት ሊጠይቀኝ ሲመጣ ስለጎረሰና ስላልጎረሰ ሽጉጥ ክርክራችን አንድም ቃል አልተናገረም። እውነቱን ለመናገር፣ የሽጉጡን ማጉረሻ ባዶ ማድረጌ ያን ቀን ሊያስገድለኝ ነበር። ግን ሰባት ወር ሙሉ ሕፃን ሳቅፍ ባዶ መሆኑ ትክክል ነበር። አሁንም ሁለቱንም አምናለሁ።

የቀረው የአያ ልጅ ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ ከእኔ በጥቂት የምታንስ ሴት ናት። ሽማግሌዎቹ "ቀስ ብለን እኛ እንነግራታለን" አሉኝ። እኔ ከእስር በወጣሁ ማግስት ቤቷ ሄድሁ። ደጃፏ ላይ እህል ታሰጣለች። ክንዴ እንደተጠቀለለ አይታ ልታቅፈኝ ተነሣች።

"አትንኪኝ። መጀመሪያ ስሚኝ" አልኋት። ነገርኋት። ሲባጎውን ሳይቀር።

 የተሰጣውን እህል በእግሯ በተነችው፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ዶሮዎቹ ላይ እስኪረጭ። በጥፊ መታችኝ። ደግማ መታችኝ። ጎረቤት መጥቶ ያዛት።

"ሌባው መሰለኝ! ሌባውን ስረግም ከረምሁ እኮ!" ትላለች። "ምነው ዝም ብለሽ ብትተይኝ!"

ዕርቁ ከብዙ ወራት በኋላ ሆነ። እንደ አገሩ ልማድ ደም ያለበት ሰው ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ከሟች ቤተሰብ ፊት ይቆማል፤ ይቅር ካሉት ድንጋዩን ያወርዱለታል። ሽማግሌዎቹ "ሴት አትሸከምም፣ ወንድምሽ ይሸከምልሽ" አሉ። ወንድሜም ከወገራ ለዚሁ ወርዶ ነበር። እንቢ አልሁ። ሽጉጡን የተሸከምሁት እኔ ነኝ አልኋቸው። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ በፀዳ ጭቃ ላይ ወደ ቤቷ ሄድን። ክንዴ ገና አልጠነከረም፤ ድንጋዩ አንገቴ ላይ ይንሸራተታል።

ከደጇ ተንበረከክሁ። ዘመዶቿ ተሰብስበዋል። ከዘመዶቿ አንዱ ጎልማሳ ክላሽ ይዟል፤ ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። ካየሁት ፊት ሁሉ ያን ቀን የፈራሁት የእሱን ነው። እጁም ቃታው አጠገብ ነበር።

ቄሱ ስለ እግዚአብሔር ብለው ለመኑ። የአያ ልጅ ከቤት አልወጣችም። ደግመው ለመኑ። ዝናብ ማካፋት ጀመረ፤ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ለመኑ።

በመጨረሻ መጣች። ድንጋዩን አላነሣችልኝም። አጠገቤ ቁጢጥ ብላ፣ ሌሎቹ በማይሰሙት ድምፅ ጠየቀችኝ፦

"አባቴ ሲሞት ምን አለ? እውነቱን ንገሪኝ።"

"ወፍጮውን አጥፊው፣ ባዶውን እየፈጨ ነው አሉ። ከዚያ በረደኝ አሉ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ቆየች። ከዚያ ክላሽ ወደያዘው ዘመዷ ዞረች። "አንተ፣ ያንን አስቀምጠህ ና። ድንጋዩን አውርድላት" አለችው።

ሰውዬው ቆመ፣ አመነታ፣ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ድንጋዩን ከአንገቴ አነሣው። እሷ ወደ ቤት ገባች፤ ሽማግሌዎቹም ተከተሏት። እኔን ግቢ ያለኝ የለም፣ ሂጅም ያለኝ የለም። ዝናቡ እስኪያባራ ከጣራው ጠፈጠፍ ሥር ቆሜ ቆየሁ።